ዝም የማይል ጣቢያ፦ አነስተኛ የአማተር ራዲዮ ክበብ ለውድድርና ለሜዳ ሥራ የሚዘጋጅበት መንገድ

አማተር ራዲዮ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው በራዲዮ ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር የሚገናኙበት ሥራ ነው፤ በውድድሩ የሚፈለገውም በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ብዙ ጣቢያ ማግኘት ነው። ክበባችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ የወጣ ዕለት ስምንት ሰዎች ነበርን። ሦስት ጣቢያ ልናቆም ሦስት ራዲዮ፣ አምስት አንቴናና አንድ ጄነሬተር ጭነን ሄድን። እኩለ ሌሊት ሲሆን የሚሠራው አንዱ ጣቢያ ብቻ ነበር፤ እዚያ ላይ የተቀመጠው ባልደረባችንም ከቀትር ጀምሮ ከወንበሩ አልተነሣም። የቀሩት ሁለቱ አንዱ ሲናገር ሌላው መስማት እየተሳነው እርስ በርስ ሲረባበሹ ቆይተው በመጨረሻ ተዘጉ። በዓመቱ አንድ ጣቢያ ብቻ ይዘን ተመለስን። ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ሰዓት ዝም አላለም፤ በመዝገባችን የሰፈረው ግንኙነትም ከአምናው በለጠ።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከእነዚያ ሁለት ዓመታት የተቀዳ ነው። ትንሽ ክበብ ማቆም ከሚችለው ያነሰ ጣቢያ ያቁም፤ ያቆመውን ግን ሰውም ኃይልም ሳያጓድል ያቆየው።

1. ዝግጅቱን ምረጡ፤ ደንቡን ሁለት ሰው ያንብበው

ሦስት ወር ሲቀረው በየትኛው ዝግጅት እንደምትሳተፉ ወስኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ በየዓመቱ በሐምሌ ወር፣ በፈረንጆቹ ጁላይ ሁለተኛ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ የሚካሄደውን የዓለም አቀፉን የአማተር ራዲዮ ኅብረት ውድድር እመርጥላችኋለሁ። ቅዳሜ በዩ ቲ ሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) 12:00 ይጀምራል፤ እሑድ በዚያው ሰዓት ያበቃል። ሃያ አራት ሰዓት ለአምስት ወይም ለስድስት ሰው ይበቃል፤ አይበዛም። ድምፅም የሞርስ ኮድም ስለሚፈቀድ ሁለቱም ዓይነት ኦፕሬተር ቦታ ያገኛል። የምትለዋወጡት የምልክት ጥራት መግለጫና የዞን (ዓለም የተከፋፈለበት አካባቢ) ቁጥር ስለሆነ ለጀማሪ አይከብድም።

ሲኪው ወርልድ ዋይድ የሚባለው ታላቅ ውድድር 48 ሰዓት ይፈጃል፤ የድምፁ በኦክቶበር፣ የሞርሱ በኖቬምበር መጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ነው። ዓለም በ40 ዞኖች ተከፍሎ የእናንተ ዞን ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለማይለወጥ ልውውጡ ቀላል ነው። ከባዱ ሰዓቱ ነው። ሁለት ሌሊት ሙሉ ወንበሩን የሚሸፍን ሰው ከሌላችሁ ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።

ከቤት ውጭ መሥራት የሚስባችሁ ከሆነ ደግሞ የሜዳ ቀን አለ። በሰሜን አሜሪካ ከ1933 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጁን አራተኛ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ይከበራል፤ በአውሮፓና በአካባቢው የሞርሱ በጁን፣ የድምፁ በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ይውላል። ከዚህም ያነሰ፣ ለልምምድ የሚመች ነገር ከፈለጋችሁ ተራራና ፓርክ አለ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የተራራ ጫፍ መርሐ ግብር ነጥብ የሚሰጠው አራት ግንኙነት ላደረገ ሰው ነው፤ የምትሠሩበት ቦታ ከጫፉ በከፍታ ከ25 ሜትር በላይ ዝቅ ማለት የለበትም፤ ከመኪና አጠገብ መሥራትና በነዳጅ ጄነሬተር መጠቀምም ክልክል ነው። በፓርክ መርሐ ግብር በአንድ የዩ ቲ ሲ ቀን ውስጥ 10 ግንኙነት ይበቃል። ከትልቁ ዝግጅት በፊት አንድ ራዲዮና አንድ ባትሪ ይዛችሁ ለግማሽ ቀን እንዲህ ያለ ቦታ ብትወጡ በስብሰባ የማይገኝ ትምህርት ታገኛላችሁ።

የመረጣችሁትን ውድድር ደንብ ሁለት ሰዎች ለየብቻ አንብበው ያወዳድሩ። በአንድ ጊዜ ስንት ማስተላለፊያ ይፈቀዳል? ከባንድ ወደ ባንድ (ከአንድ የድግግሞሽ ክልል ወደ ሌላው) ለመዛወር ገደብ አለ? በኢንተርኔት የሚወጣውን የጣቢያዎች ጥቆማ መጠቀም በየትኛው ምድብ ያስገባል? መዝገቡ እስከ መቼ ይላካል? ለምሳሌ ሲኪው ወርልድ ዋይድ የሚሰጠው ጊዜ አምስት ቀን ብቻ ነው። የየኦፕሬተሩ ፈቃድም የትኛውን ባንድና ምን ያህል ኃይል እንደሚፈቅድ በዚሁ ጊዜ ይጣራ። ፈቃድ የሌለው እንግዳ ማይክሮፎን ይዞ መናገር መቻሉ በየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ በግምት አትሂዱ።

2. ሰዎቹን ከመሣሪያው በፊት መድቡ

ብዙ ክበቦች መጀመሪያ ራዲዮና አንቴና ይዘረዝራሉ፤ ሰው የሚቆጥሩት በመጨረሻ ነው። እናንተ ገልብጡት። በወረቀት ላይ ሃያ አራቱን ሰዓታት አስምሩና በየሁለት ሰዓቱ ሁለት ሁለት ስም ጻፉ፦ አንዱ የሚናገር፣ አንዱ የሚመዘግብ። ሁለተኛው ሰው ትርፍ አይደለም። የጥሪ ምልክት (የጣቢያው መለያ የሆኑት ፊደላትና ቁጥር) በጩኸት መሃል ሲመጣ ሁለት ጆሮ ከአንድ ይሻላል፤ ተናጋሪው ሲደክም መዝጋቢው ይተካዋል። ፈረቃ ሲቀየር ተረካቢው አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድሞ መጥቶ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ያዳምጥ። የርክክቡ ሰዓት ጣቢያው ዝም የሚልበት ዋነኛ ሰዓት ነውና።

ወረቀቱ ካልሞላ ጣቢያ ቀንሱ፤ ወይም ለማረፍ የምትዘጉበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ወስኑ። የታቀደ ዕረፍት ማንንም አይጎዳም። ጉዳቱ አንዱ ደግ ባልደረባ የሌላውን ፈረቃ ሁሉ እየሸፈነ ሲደክም ነው።

ጀማሪውን የት ታስቀምጡታላችሁ? በመክፈቻው ሰዓት አይሁን፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይጣደፋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይም አይሁን። ለጀማሪ የተመቸው ጊዜ የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ናቸው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ያን ጊዜ የሚያገኙትን ሁሉ ጨርሰው አዲስ ጥሪ ይናፍቃሉ፤ የተንተባተበውን እንኳ በትዕግሥት ደጋግመው ይሰሙታል። በዚያ ሰዓት ሃያ ግንኙነት ያደረገ ወጣት በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ሳይጠራ ይመጣል።

3. አንቴናውን ቀላል አድርጉት

ለአነስተኛ ክበብ ከግማሽ ሞገድ ዳይፖል፣ ርዝመቱ የሞገዱን ግማሽ ከሚያህል የሽቦ አንቴና፣ የሚሻል አላየሁም። ርዝመቱን ለማግኘት 143ን በሜጋኸርዝ ለተገለጸው ድግግሞሽ አካፍሉ፤ የምታገኙት ጠቅላላው የሽቦ ርዝመት በሜትር ነው። ለ14.2 ሜጋኸርዝ 10.07 ሜትር፣ ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20.14 ሜትር ይመጣል፤ መሃሉን ከፍላችሁ ግማሽ ግማሹን ግራና ቀኝ ትዘረጋላችሁ። ስትቆርጡ ግን በየወገኑ ሃያ ወይም ሠላሳ ሳንቲሜትር አትርፉ። ሽቦን ማሳጠር ቀላል ነው፤ የተቆረጠውን መቀጠል ግን ሜዳ ላይ ያስመርራል። መሃሉን ከፍ፣ ጫፎቹን ዝቅ አድርጋችሁ ስትሰቅሉት የሚሠራበት ድግግሞሽ ትንሽ ስለሚወርድ የመጨረሻውን ልክ የምታገኙት ከተሰቀለ በኋላ በመለኪያ ነው።

ባንዶች የሚጠሩት በሽቦው ሳይሆን በሞገዱ ርዝመት ነው፦ የ7 ሜጋኸርዙ 40 ሜትር፣ የ14ቱ 20 ሜትር ይባላል። የ40 ሜትሩ ዳይፖል ሌላም ጥቅም አለው። 21 ሜጋኸርዝ የ7 ሜጋኸርዝ ሦስት እጥፍ ስለሆነ በአንቴና ማስተካከያ ጥቂት ከረዳችሁት በ15 ሜትር ባንድም ይሠራል። ስለዚህ አንዱ ለ40 እና ለ15፣ ሌላው ለ20 የሚሆን ሁለት ዳይፖል ይዛችሁ ውድድሩ ከሚፈልገው አብዛኛውን ትሸፍናላችሁ። በ30፣ በ17 እና በ12 ሜትር ባንዶች ውድድር እንደማይደረግ አስታውሱ፤ ለእነሱ ሽቦ አትሸከሙ።

ከፍታ ለርቀት ወሳኝ ነው። የ20 ሜትሩ ዳይፖል አሥር ሜትር ያህል ከተሰቀለ የግማሽ ሞገድ ከፍታ አገኘ ማለት ነው፤ ሩቅ አገር ይደርሳል። የ40 ሜትሩ በዚያው ከፍታ ብዙውን ኃይሉን ወደ ላይ ይልካል፤ ይህም በመቶዎች ኪሎ ሜትር ውስጥ ላሉት ጎረቤቶች ይጠቅማል እንጂ ጉድለት አይደለም። ከራዲዮው የሚመጣው ኮአክሲያል ገመድ ከአንቴናው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጥቂት ዙር ጠቅልላችሁ ብታስሩት ወይም የፌራይት ቀለበት ብታለብሱት በገመዱ ላይ ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ ይቀንሳል፤ ማይክሮፎኑም ከንፈር አያቃጥልም።

አንድ ነገር ግን ያለ ድርድር ይጠበቅ። ምሰሶው ወይም ሽቦው በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ የኤሌክትሪክ መስመር የማይነካበት ቦታ ካልሆነ በቀር አትስቀሉ። ማየት ብቻ አይበቃም፤ በእግራችሁ ለኩት።

4. ኃይሉን አስሉ

የ100 ዋት ራዲዮ በሙሉ ኃይል ሲያስተላልፍ ወደ 20 አምፔር፣ ሲያዳምጥ ወደ 1 አምፔር ይስባል። በድምፅ ሲሠራ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ሲናገር በአማካይ 8 አምፔር እንበል። ከሰዓቱ ሲሶውን ይናገራል፣ ሁለት ሦስተኛውን ያዳምጣል ብንል በሰዓት ከ3.3 አምፔር ያህል አያልፍም፤ በ24 ሰዓት 80 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በላይ ባይራገፍ ስለሚሻል 160 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋችኋል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከሆነ 100 ይበቃል፤ ሸክሙም በእጅጉ ይቀላል። የላፕቶፑንና የመብራቱን ፍጆታ ለብቻው ደምሩ።

ባትሪው አነስ ካለባችሁ ኃይል መቀነስን አትፍሩ። ከ100 ወደ 50 ዋት ስትወርዱ ተቀባዩ ዘንድ የሚታየው ልዩነት 3 ዴሲቤል፣ ማለትም በምልክት መለኪያው ላይ የግማሽ ኤስ (የመለኪያው አንድ ደረጃ ግማሽ) ያህል ነው። ባትሪው ግን በጣም ይረዝማል። በሰሜን አሜሪካው የሜዳ ቀን ደንብ ከ5 ዋት ባልበለጠ ኃይል፣ ያለ ጄነሬተርና ያለ መደበኛ መብራት የሠራ ጣቢያ የግንኙነት ነጥቡ በ5 ይባዛለታል፤ እስከ 100 ዋት የሠራው በ2 ብቻ ነው። ትንሽ ክበብ ይህንን ስሌት ቁጭ ብሎ ሊያየው ይገባል።

ከባትሪው ወደ ራዲዮው የሚሄደው ሽቦ ወፍራምና አጭር ይሁን። 0.05 ኦም ብቻ የሆነ መቋቋም በ20 አምፔር 1 ቮልት ይበላል፤ ብዙ ራዲዮዎች ደግሞ ከ11.7 ቮልት በታች ሲሆን ይበላሻሉ ባይባልም ድምፃቸው ይበላሻል ወይም ይጠፋሉ። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይቀመጥ። ጄነሬተር የምትጠቀሙ ከሆነ ጭሱ ወደ ሰው በማይነፍስበት ሩቅ ቦታ፣ ከድንኳን ውጭ አቁሙት፤ ነዳጅ የሚጨመረው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ የእሳት ማጥፊያም አጠገቡ ይኑር።

5. ሁለተኛ ጣቢያ ካስፈለገ

የመጀመሪያው ወንበር ሳይጓደል ሁለተኛውን መሸፈን የምትችሉ ከሆነ ብቻ ወደዚህ ክፍል እለፉ። እኛን የጣለን ሃርሞኒክ ነበር፦ በ7 ሜጋኸርዝ የሚያስተላልፍ ጣቢያ በ14፣ በ21 እና በ28 ላይ ደካማ ጥላ ይጥላል፤ መቶ ሜትር ርቆ ለሚያዳምጥ ግን ያ ጥላ ደካማ አይደለም። ለየባንዱ የሚሆን የባንድ ማጣሪያ በሁለቱም ራዲዮዎች ላይ ይግባ። ዳይፖሎቹ ጎን ለጎን ሳይሆን ጫፍ ለጫፍ እንዲተያዩ አድርጋችሁ በተቻለ መጠን አራርቋቸው። ይህን በቤት ሳትሞክሩት ሜዳ ላይ አትመኑት።

6. ከሳምንት በፊት ሁሉንም አቁማችሁ ሞክሩ

በግቢም ሆነ በሜዳ፣ የምትጠቀሙበትን ሁሉ እንዳለ ገጣጥማችሁ ለአንድ ሰዓት ሥሩበት። የተረሳውን እየጻፋችሁ ሂዱ። እኛ አንድ ጊዜ ሁሉን አሟልተን ከላፕቶፑ ወደ ራዲዮው የሚሄደውን አጭር ገመድ ረስተን ያወቅነው በዚህ ልምምድ ነው።

ላፕቶፑ ብዙ ጣጣ አለው። ሰዓቱን በትክክል ከዩ ቲ ሲ ጋር አስተካክሉ፤ ራሱን እንዳያዘምንና እንዳይተኛ አድርጉት። ከዚያ ራዲዮውን ከፍታችሁ በየባንዱ እያዳመጣችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ጩኸቱ ከቀነሰ ጥፋተኛውን አገኛችሁ፤ የፀሐይ ፓነል መቆጣጠሪያውንም እንዲሁ ፈትኑት። በመመዝገቢያው ፕሮግራም ውስጥ የውድድሩን ስም፣ የክበቡን የጥሪ ምልክትና የምትልኩትን ልውውጥ አስገቡ፤ እያንዳንዱ ኦፕሬተር ቢያንስ አሥር የልምምድ ግንኙነት ይመዝግብ።

በመጠባበቂያው ሣጥን ውስጥ አንድ ሙሉ ኮአክሲያል ገመድ፣ ማገናኛዎች፣ ፊውዞች፣ ሁለተኛ የጆሮ ማዳመጫ፣ ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ናስትሮ፣ በግንባር የሚታሰር መብራት፣ ወረቀትና እርሳስ አይጥፉ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ጣቢያው ዝም እንዳይል የሚያደርገው እርሳሱ ነው።

7. ቦታው ላይ

በብርሃን ድረሱ። አስቀድማችሁ አንቴናውን ስቀሉ፤ ጥላውና ድንኳኑ ቀጥሎ ይደርሳል። በቀጭን ገመድ ጫፍ ክብደት አስራችሁ ቅርንጫፍ ላይ ስትወረውሩ ከወርዋሪው ፊት ማንም አይቁም። በመወጠሪያ ገመዶች ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩ፤ ሌሊት በካስማና በገመድ ተጠልፎ የሚወድቅ ሰው ከማንኛውም የመሣሪያ ብልሽት የከፋ ነው።

ነጎድጓድ ከተሰማ አንቴናውን ከራዲዮው ንቀሉ፣ ከምሰሶውም ራቁና ወደ መኪና ወይም ወደ ሕንፃ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ። ጣቢያ ዝም አይበል ባልኩት ሁሉ ላይ፣ አስቀድሞ ከታቀደው ዕረፍት ሌላ፣ ያለኝ ልዩ ሁኔታ ይህ ብቻ ነው።

8. በአየር ላይ

በቀን 20፣ 15 እና 10 ሜትር፣ ሌሊት 40 እና 80 ሜትር ይሠራሉ። ምክንያቱም ቀን ላይ የአዮኖስፌር (ሞገድን ወደ ምድር የሚመልሰው የላይኛው አየር) የታችኛው ንብርብር ዝቅተኛ ድግግሞሾችን ይመጥጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ንብርብሩ ይጠፋና 40 ሜትር ወደ ሩቅ ይከፈታል። ንጋትና ምሽት፣ ብርሃንና ጨለማ የሚዋሰኑበት ሰዓት፣ ከሁሉ የሚበልጥ ስለሆነ ጎበዝ ጆሮ ያለው ሰው በዚያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ይኑር። 10 ሜትር ግን 11 ዓመት ገደማ የሚፈጀውን የፀሐይ ነጠብጣብ ዑደት ይከተላል፤ በዝቅተኛው ዘመን ቀኑን ሙሉ ጭጭ ሊል ይችላል።

ሁለት የአሠራር መንገድ አለ። አንዱ በባንዱ ላይ እየተዘዋወሩ የሚጠሩትን ጣቢያዎች ማግኘት ነው፤ ጀማሪ በዚህ ይጀምር። መጀመሪያ አዳምጡ፣ የጣቢያውን ምልክትና የሚልከውን ልውውጥ ከመጥራታችሁ በፊት ጻፉ፤ ከዚያ የራሳችሁን የጥሪ ምልክት በሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። የእሱን ምልክት መድገም አያስፈልግም፤ የራሱን ያውቀዋል። ሌላው መንገድ አንድ ድግግሞሽ ይዞ መጥራት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ድግግሞሹ መያዙን ሁለት ጊዜ ጠይቁ። ጥሪው አጭር ይሁን፤ ከጠራችሁ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ጸጥ ብላችሁ አዳምጡ። ለአሥር ደቂቃ መልስ ካጣችሁ ተነሥታችሁ ፈልጉ፤ ሃያ ደቂቃ ሰሚ በሌለበት ባንድ ላይ መጥራት ጊዜ ማቃጠል ነው።

ልውውጡ ላይ ጨዋነትና ቁጥብነት አንድ ናቸው። «ፋይቭ ናይን» (59፣ የምልክት ጥራት መግለጫው) ብላችሁ ዞናችሁን ተናገሩ፤ ጨረሳችሁ። ሰውዬው የጎደለውን ሲጠይቃችሁ የጠየቀውን ብቻ ድገሙለት። ከጥሪ ምልክቱ አንድ ፊደል እንኳ ከተጠራጠራችሁ ሳትመዘግቡ ጠይቁ። መዝገቦች ሁሉ እርስ በርስ ስለሚመሳከሩ የተሳሳተ ምልክት ይሰረዛል፤ በትልልቆቹ ውድድሮች ተጨማሪ ቅጣትም ያስከትላል። አሥር ሰከንድ ወስዶ መጠየቅ ከዚህ ይረክሳል።

በየሰዓቱ መዝገቡን በፍላሽ ላይ ገልብጡ። ይህን ለማን እንደሰጣችሁት በፈረቃው ወረቀት ላይ ስሙ ይጻፍ፤ የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይሆንም።

9. ሲያልቅ

አንቴናውን በብርሃን አውርዱ፤ ካስማዎቹን ስትነቅሉ ቁጠሩ። ሽቦውን ስትጠቀልሉ የባንዱንና የመጨረሻውን ርዝመት በናስትሮ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት፤ በዓመቱ መልሳችሁ አትለኩትም።

መዝገቡ ካብሪሎ በሚባለው ቅርጽ ይወጣል፤ የሚልከው አንድ ሰው፣ የሚያየው ሌላ ሰው ይሁን። ምድቡ፣ የኃይሉ መጠንና የኦፕሬተሮቹ ዝርዝር ልክ መሆኑን አረጋግጡ። ከውድድሩ በኋላ ኢንተርኔት ላይ እየፈለጋችሁ የጥሪ ምልክቶችን አታርሙ፤ ያልሰማችሁትን ሰማን ማለት ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንዳንድ ውድድሮች የማመሳከሪያ ሪፖርት ይልካሉ፤ የትኛውን ምልክት እንደሳታችሁ፣ ትክክለኛው ምን እንደነበረ አንድ በአንድ ይነግራል። በስብሰባችሁ ላይ አውጡትና ከፈረቃው ወረቀት ጋር አስተያዩት። ስሕተቱ የተከማቸው ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ለዚያ ፈረቃ ሦስተኛ ሰው መድቡ። በአንድ ባንድ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ አንቴናውን ወይም ማጣሪያውን እዩ። የመጠባበቂያው ሣጥን የጎደለውም በዚያው ሳምንት ይሞላ።